የዲዮቅልጥያኖስ ክፍለ ጊዜ

ቲቸር አዳነ ሰሌዳው ላይ «የዲዮቅልጥያኖስ ማሻሻያዎች» ብለው ጽፈው ከሥሩ ሊያሰምሩ ሲሉ በሩ ይከፈታል። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም መሣሪያ ይዘዋል። ፊተኛው ጢማም ነው፤ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሟል። ኋለኛው አንገቱን ስለደፋ ፊቱ አይታየኝም።

«አዳነ አንተ ነህ?» ይላል ጢማሙ። እኛ ቲቸርን አንቱ ነው የምንላቸው፤ እናቶቻችን እንኳ አንቱ ይሏቸዋል።

«ነኝ።»

«ከእኛ ጋር ትሄዳለህ። ሰው ሊያናግርህ ይፈልጋል።»

ወርቅዬ ከዴስኩ ሥር እጄን ጭምቅ ታደርገዋለች። የሒሳቡን አስተማሪ ቲቸር ደረጄንም ሰው ሊያናግርዎት ነው ብለው ነበር የወሰዷቸው። አስከሬናቸው ከጋፋት በታች የስንዴ ማሳ ውስጥ ተገኘ። ማን እንደወሰዳቸው ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። እኔም አልናገርም።

ቲቸር አዳነ ጠመኔውን አያስቀምጡም። «ክፍለ ጊዜዬን ልጨርስ?» ይላሉ። ድምፃቸው ደህና ነው።

ጢማሙ እኛን አንድ በአንድ ያያል። ምናልባት ልጆች ፊት ጎትቶ መውሰዱ ደብሮት ይሆናል፤ ምናልባትም ሰው ሲፈራ ማየት ደስ ይለው ይሆናል። «ጨርስ» ይላል፤ «እኛም እንማር።» ሄዶ ግድግዳውን ይደገፋል። ያን ጊዜ በሩ ላይ የቀረው ኋለኛው ቀና ይላል። ሞላ ነው! ባለፈው ዓመት እዚሁ ክፍል ከዋልልኝ ጎን ይቀመጥ የነበረው ሞላ። ማናችንንም አያይም።

እውነቱን ለመናገር እኔ የታሪክ ትምህርት አልወድም። የሮማ ንጉሥ ግብር አስተካከለ አላስተካከለ ለደብረ ታቦር ሰው ምን ይፈይድለታል? በዚህ ክፍለ ጊዜ ሥራዬ ጥፍሬን መብላት ነው። ዛሬ ግን እንዳያልቅ እየጸለይኩ እያንዳንዷን ቃል እሰማለሁ።

ቲቸርም እንዳያልቅ ይፈልጋሉ፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ከዲዮቅልጥያኖስ በፊት ጦሩ ደስ ያለውን ያነግሥ ነበር፤ ያነገሠውንም ይገድል ነበር ይላሉ። እዚህ ላይ ጢማሙን ሰረቅ አድርገው ያያሉ። ዲዮቅልጥያኖስ መጣና ግዛቱን ለአራት ገዢዎች አከፋፈለ። አውራጃዎቹን ቆራርጦ አበዛቸው። ገንዘቡ ዋጋ አጥቶ ኑሮ ሲወደድ ለእህሉም ለጫማውም ዋጋ ቆረጠ፤ ከዚያ አስበልጦ የሸጠ ይሙት አለ።

«ኑሮውስ ረከሰ?» እላለሁ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ይሆንብኛል።

ቲቸር ዞር ብለው ያዩኛል። ዓመቱን ሙሉ አንዲት ጥያቄ ጠይቄያቸው አላውቅም። «አልረከሰም፣ ሰብለወንጌል። ነጋዴው ዕቃውን ደበቀ፤ ገበያው ባዶውን ቀረ» ይላሉ። ከዚያ የሐሙሲትን ገበያ እየጠቀሱ ነጋዴ እህል እንዴት እንደሚደብቅ፣ የት እንደሚደብቅ፣ ለምን እንደሚደብቅ ያስረዱኛል። ይህን የማያውቅ ልጅ ክፍሉ ውስጥ የለም፤ ቢሆንም ሁላችንም ራሳችንን እየነቀነቅን እናዳምጣለን።

ማንም ለማንም ሳይናገር፣ ጥያቄ እስካለ ክፍለ ጊዜው እንደማያልቅ ክፍሉ በሙሉ ይገባዋል። ዋልልኝ ይነሣል፤ ዲያቆን ነው። «ቲቸር፣ ይኼ ሰማዕታቱን የፈጀው ዲዮቅልጥያኖስ አይደለም እንዴ? አብያተ ክርስቲያናቱን ያቃጠለው? የእሱ ሥራ እንዴት ማሻሻያ ይባላል?»

«ያው እሱ ነው። ግብርም አስተካክሏል፣ ሰውም ፈጅቷል። ሁለቱንም በአዋጅ ነው ያደረገው» ይላሉ ቲቸር፤ ይህንንም በሰፊው ያስረዳሉ። ወርቅዬ አራቱ ገዢዎች ይጣሉ እንደነበር ትጠይቃለች። ጌጤ ደግሞ ከኋላ ሆና፣ «ገበሬውስ ለየትኛቸው ነበር የሚገብረው?» ትላለች።

«ጦሩን በአቅራቢያው ላሰፈረው» ይላሉ ቲቸር። «እህሉን ይወስዱበታል። ያቃተው መሬቱን ጥሎ ሲሸሽ፣ እንዳይሸሽ ሕግ ወጣበት።» አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ነን፤ ሞላም የገበሬ ልጅ ነው።

የደወሉ ሰዓት አልፏል። ዘበኛው ጋሽ ዘውዱ ግቢው ውስጥ ለደወል ከተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ሥር ቆመው በመስኮት ይታዩኛል። መምቻውን ብረት ይዘዋል፤ አይመቱም።

«አይበቃም?» ይላል ጢማሙ።

«መጨረሻው ቀርቷል። ዲዮቅልጥያኖስ ሥልጣኑን በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ። አገሩ ገብቶ ጎመን ተከለ። ተመለስና ግዛን ብለው ቢለምኑት፣ በእጄ የተከልኩትን ጎመን ብታዩ እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቁኝም ነበር አላቸው።» ቲቸር የአንበሳሜ ሰው ናቸው፤ ሲያረጁ እዚያ ሊገቡ ያስቡ እንደሆነ አላውቅም።

«እንግዲህ አለቀ» ይላል ጢማሙ።

«ያልገባው አለ?» ይላሉ ቲቸር። ወደ እኛ ነው የሚያዩት። አንድ ነገር፣ የፈለገው ነገር ይሁን፣ ልጠይቅ ብዬ አስባለሁ። ጭንቅላቴ ባዶ ነው። ወርቅዬ ታለቅሳለች። ጢማሙ መጥቶ የቲቸርን ክንድ ይይዛል። ቲቸር ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ይጠርጋሉ።

በሩ ላይ ሞላ መሣሪያውን ወደ ግራ እጁ ያዛውራል። ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ ያወጣል።

«ቲቸር» ይላል፤ «እኔ ጥያቄ አለኝ።»

ጢማሙ ዞሮ ያፈጥጥበታል። ሞላ ግን እጁን አያወርደውም።