ደጉ ያበላሸው ቴሌስኮፕ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ እዚህ ምንጣፉ ላይ። ጊዜው የሰሊጥ አጨዳ ነው፤ የሱዳኗ የገዳሪፍ ሰማይ ከክረምቱ ደመና ጠርቶ፣ ገና ጨለም ሲል ኮከቡ የተዘራ ሰሊጥ የሚመስልበት ሰሞን።

ኪዳኔ እዚያ በስደት የሚኖር ሰዓት ሠሪ ነበር። የመኖሪያ ወረቀቱ በኅዳር ያልቃል። ከሻ የሚሉት አፈሳ በርትቷል፤ ወረቀት የሌለውን በመኪና ጭነው ድንበር ላይ ያራግፉታል። ሚስቱ ሉሉ ልብሷን በከረጢት አስራ ነው የምታድረው።

ታዲያ ሰላሃዲን የሚባል የኮከብ መምህር ከካርቱም መጥቶ፣ ጣሪያቸው ላይ ቴሌስኮፕ ተክሎ ሄደ። ነገሩን እንደ ሰማሁት ልንገራችሁ። የማይታይ ኮከብ በሚታየው ፊት ሲያልፍ ይሸፍነዋል ትሉ ይሆናል። የለም፣ ብርሃኑን ሰብስቦ ያጎላዋል። አላፊው አንድ ከሆነ፣ የኋላው አንዴ ቦግ ብሎ ያበቃል። ጥንድ ከሆኑ ግን ደግሞ ይበራል።

ሰላሃዲን በቴሌስኮፑ መሃል ያነጣጠረው ኮከብ አንዴ በርቷል።

"ሁለተኛውን ከያዝህልኝ ካርቱም ከእኔ ጋር ትሠራለህ፤ ወረቀቱንም አወጣልሃለሁ" ብሎታል ሰላሃዲን። "የሰዓት ሠሪ ዓይን ነው የምፈልገው።"

ኪዳኔ አሥር ምሽት ጠበቀ። ኮከቡ አልበራም። ጭራሽ ጎረቤት ኮከቦቹ ሁሉ ጭጋግ ለበሱ።

"መስተዋቱ ተበላሽቷል" አለ በአሥራ አንደኛው ምሽት፣ ሻዩን ከብርጭቆው ውጭ እየቀዳ። "ደጉ ነው! በዚያ በናፍጣ ጨርቁ ሲወለውለው አይቻለሁ።"

ደጉ ታች ጋራዥ ያለው የትራክተር መካኒክ ነው።

"ኧረ ሰው አትወንጅል" አለች ሉሉ። "ሰሞኑን ያልተበላሸብህ ምን አለ? ፋኖሱ ተበላሸ፣ ብሎኑ ተበላሸ..."

"የዘንድሮ ብሎን ብሎን ነው? መፍቻ የሚገባበት እንኳ የለውም!" አለና ወደ ታች ጮኸ። "አንተ ደጉ! ተስፋዬን በናፍጣ ወለወልኸው!"

ደጉ መሰላሉን እየዘለለ ወጣ፤ ተቆጥቷል።

"ጋሼ ኪዳኔ፣ ያንተን መድፍ ምን ላድርግበት ብዬ? ቆይ ራሴ ልየው!"

"መሃሉ ላይ ያለውን እየው! እየውና ፈጣሪህን ፍራ!"

ደጉ አጎነበሰ። ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ቁጣው የለም።

"ንገረኝ እንጂ" አለ ኪዳኔ። "ጨልሟል አይደል? በኅዳር የት ልግባ? እሷን ይዤ የት ልግባ?"

ደጉ እግሩ ላይ ወደቀ።

"ይቅር በለኝ ጋሼ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"

ካርቱም በዚያው ቀረ። ሰላሃዲን መጥቶ ቴሌስኮፑን ነቀለና ከሰላ ወስዶ ተከለው። ኪዳኔና ሉሉ ከሻው ሳይደርስባቸው መተማ ተሻገሩ። ደጉም ጋራዡን ዘግቶ ተከተላቸው። ዛሬ ዓይኑ የጠፋውን ኪዳኔን እጁን ይዞ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰው እሱ ነው፤ ሰዉ የበደሉ ካሳ ነው ይላል። ኪዳኔም ይቅር ብሎታል።

ያን ምሽት ግን፣ ልጆቼ፣ ደጉ አጎንብሶ ባየ ጊዜ፣ መሃል ያለው ኮከብ ከጎረቤቶቹ ሁሉ ልቆ ቦግ ብሎ ነበር።