ምን ያህል ቀረበሽ?

እህቴን ጉንፋን እንደያዛት ለፓርኩ ጠባቂ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ጠዋት በሩ ላይ ተሰልፈናል። ጠባቂው «የሚያስለው፣ ጉሮሮውን የሚከረክረው ሰው አለ? የእኛ ጉንፋን ጎሪላ ይገድላል። የታመመ አይወጣም» አለ። ሁሉም ዝም። ደግሞ ጠየቀ። ደግሞ ዝም። እህቴ መሀረቧን እጅጌዋ ውስጥ ወሽቃ ሰማይ ሰማዩን ታያለች። ሌሊቱን ሙሉ ስታስል አላስተኛችኝም፤ እሱ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ። ተገትሮ መቆም አልወድም።

«እሷን ይዟታል» አልኩት።

«ይቅርታ እናቴ፣ ለእነሱ ብለን ነው» አላት።

እሷ የሩቅ ማያ መነጽሯን አውልቃ አንገቴ ላይ አጠለቀችው። «በደንብ እዪልኝ» ብላ ወደ ማረፊያ ቤቱ ተመለሰች።

ከሰዓት ስመለስ ብርድ ልብስ ተከናንባ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላለች። አፍንጫዋ ቀልቷል። ያኮረፈች መስሎኝ ነበር። ገና ጫማዬን ፈትቼ ሳልጨርስ፣

«በይ ጥድፊያ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» አለች።

ጥድፊያ እኔ ነኝ። እሷ ናት ያወጣችልኝ፣ በልጅነታችን።

«ወጣን፣ አየን፣ ወረድን። እታለም፣ ደክሞኛል።»

«እንዲህ አድርገሽማ አታመልጪኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስስላቸው ኖሬ?»

እውነቷን ነው። የባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች። ጡረታ ስትወጣ ያማራት ነገር ይኼ ብቻ ነው። ተራራውን እንድትችለው ብላ ዓመቱን ሙሉ የፎቃቸውን ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ከረመች፤ ጎረቤቶቿ ቁልፍ የጠፋባት እየመሰላቸው ይጠይቋት ነበር። እኔ የመጣሁት ሻንጣ ልይዝላት ነው። ለእንስሳ ግድም የለኝ።

እንደምንም ነገርኳት። ጫካው ሳይዘንብም እንደሚያንጠባጥብ። ጭቃው ጫማዬን ከእግሬ ላይ ሊያስቀረው እንደነበር። ሳማው በሱሪ ላይ ጭምር እንደሚለበልብ። ከዛ ቅጠሉ መሃል መጀመሪያ ያየሁት ጀርባ መሆኑን፣ በር የሚያክል፣ ሽበት የጣለበት።

«አለቃቸው ነው። ማንን ይመስላል?»

«አጎታችንን። ሲበላ ቀና አይልም።»

ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነባት፤ ውሃ አቀበልኳት።

«ሕፃን ነበራቸው?»

«አንድ።»

«እናቱ አዝላዋለች ወይስ ሆዷ ላይ ነው?»

«መሬት ላይ ነው። እየተንከባለለ ወደ እኔ መጣ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ምን ያህል ቀረበሽ?»

«ከዚህ እስከ መስኮቱ።» ዓይኗን ሳየው የቀረውንም ሰጠኋት። «ኧረ ከዛም ቀርቧል። ከኋላዬ ዛፍ ስለነበር መሸሻ አጣሁ። መጥቶ የሱሪዬን ጫፍ ያዝ አደረገው። ጥፍሩ ልክ እንደኛ ነው።»

ጎንበስ ብላ ጭቃ የነካውን የሱሪዬን ጫፍ በጣቶቿ ያዘችው። አልለቀቀችውም።

«እንኳንም አንቺ ሄድሽልኝ» አለች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ደግሞ ጠረግኩ።

ቀና አለች። «ምንድን ነው እሱ?»

«ምኑ?»

«ጉሮሮሽ።»

«ብርዱ ነው።»

«መቼ ጀመረሽ?»

ያደርነው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ በአልጋዎቻችን መሃል አንድ ሰው ጎኑን ሰጥቶ ነው የሚያልፈው። ጠዋት ሻዬን ስውጥ ከርከር አድርጎኝ ነበር። እንቅልፍ ማጣት ነው ብዬ ተውኩት። ጠባቂው ሲጠይቅ ስለ እሷ ብቻ የሚጠይቅ ነበር የመሰለኝ።

«ጠዋት መሰለኝ» አልኳት።

«ማስክ ግን ነበረሽ። ለሁሉም ያድላሉ።»

ነበረኝ። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ወደ አገጬ አወረድኩት። ጠባቂው ዓይኑ ትልቁ ጎሪላ ላይ ነበር፣ አላየኝም። መልሼ ላድርገው አላልኩም። ረሳሁት ብላት ውሸት ነው፤ ሰልችቶኝ ነው።

እጄ ሳላስበው ወደ አገጬ ሲሄድ ገባት። ሱሪዬን ለቀቀችው።

«ምን ያህል ቀረበሽ?» አለች። አሁን ለመስማት የጓጓ ሰው ድምፅ አልነበረም።

እጄን ወደ ጉልበቴ ዘረጋሁ። እዚህ።

«አስለሽበታል?»

«አንዴ። ፊቴን አዙሬ።»

ጣሪያው ላይ ዝናብ ጀመረ።

«እኔ ደብቄ ልወጣ ነበር» አለች በመጨረሻ። «በአንቺ ልፈርድ አይደለም። እኔም ከአንቺ አልሻልም። ብቻ… ማስኩን አላወልቅም ነበር።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። «ሐኪም አላቸው። በጊዜ ከተነገራቸው ሕፃኑን ይከታተሉታል።»



እርጥቡን ጫማ መልሼ አጠለቅኩና ወጣሁ። የጠባቂዎቹ ቢሮ መብራቱ በርቷል፤ በሩ ገርበብ ብሏል። የጠዋቱ ጠባቂ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ከባልደረባው ጋር ይሳሳቃል። ነገም ወደ ጎሪላዎቹ የሚወጣው እሱ ነው።

ጉንፋኔ እንዳይጋባበት በሩ ጋ አልደረስኩም። ግቢው መሃል ዝናቡ ላይ ቆሜ ጠራሁት።