የጋሽ ማዳልቾ ካቻቢቴ

ሁለት ጋራዦች «ሞተሯ ወርዶ ይታደስ» ብለው የፈረዱባትን አሮጌ ፒክአፕ መካኒኩ ጋሽ ማዳልቾ በጆሯቸው ብቻ ሊመረምሩ ኮፈኗን ከፈቱ። መኪናዋ ከጫሞ ሐይቅ በዕድሜ ብታንስ በሁለት ዓመት ነው። ሞተሩ የሚወርድ ከሆነ ወጪውን ስለማትችለው ባለቤቷ በለጥሽ ለቁራሌ ልትሸጣት ቆርጣለች፤ ያኔ የምዕራብ ዓባያ ሙዟን እዚህ ሲቀላ ገበያ የሚያደርስላት የለም።

ሞተሩ ሲነሳ የሲቀላ ገበያ እንዳለ ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ማዳልቾ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «እኔ በዚህ የአዞ ልብ ሲመታ ሰምቻለሁ!» አሉ። ሹፌሮች ከበቡ። የጋሽ ማዳልቾ ግንባር ግን በላብ ራሰ። «ነይ እስቲ፣ አንቺም ተማሪ!» ብለው ካቻቢቴውን ለበለጥሽ አቀበሏት፤ ጎንበስ ብለውም አንሾካሾኩ። «ልጄ፣ ጆሮዬ ከከዳኝ ዓመት አልፎታል። ከላይ ቀጭን ቲክ ቲክ ካለ ቫልቭ ነው፤ ማስተካከል ይበቃዋል። ከታች ወፍራም ዱብ ዱብ ካለ ግን ሞተሩ ይወርዳል።»

በለጥሽ ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች። ከዚያ መዳፋቸውን ያዘችና በጥፍሯ ቲክ ቲክ አደረገችበት።

«ቫልቭ ነው! ሞተሩ አይወርድም!» ብለው ደነፉ ጋሽ ማዳልቾ።

«እውነት በዚህ ብረት ሰሙት?» አለ አንዱ ሹፌር።

«ሰሙት እንጂ» አለች በለጥሽ። «እኔማ ምንም አልተሰማኝም።»