የሙሽራው ውስንነት

ድሮ የጥናቱን ውስንነት የሚጽፈው ተመራማሪ ብቻ ነበር። አሁን በሕግ ሁላችንም አንገትጌያችን ላይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ሰክተን እንዞራለን። አንድ ነገር አስረግጠን በተናገርን ቁጥር የንግግራችንን ውስንነት አርቅቆ ጮክ ብሎ ያነበዋል።

እሑድ ልጄን ትርሲትን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። ወጉ ነውና እሺ እስኪባሉ አይቀመጡም፤ ቆመው ጀመሩ።

«ልጃችን መጠጥ አይቀምስም፤ አጥንተናል» አሉ አቶ ደምሰው።

ረዳታቸው ቀጠለ፦ «ውስንነት፤ ጥናቱ የተካሄደው በዐቢይ ጾም ነው።»

ሳቄን ዋጥኩት። «ለመሆኑ ረዳትዎን ምን ብለው ነው ያዘዙት?»

«ቀላል ቀላሉን ጥቀስ ብዬ ነዋ፣ ወይዘሮ ዘርፌ።»

«ይሄም ትእዛዝ ሆኖ! የኔን ‹ከባዱን አስቀድም› ብዬ ነው ያዘዝኩት። እርስዎም እንደዚያ ይዘዙትና እስቲ ልስማ።»

እያጉረመረሙ አዘዙት።

«ውስንነት፤ ቀድሞ ያጫት ልጅ ለምን እንደተወችው አልተጠየቀችም።»

«አላልኩም? በሉ እሷን ጠይቃችሁ ኑ! እስከዚያ መቀመጥ የለም።»

ትርሲት ዓይኗ ቀልቶ ከጓዳ ወጣች። «እማዬ፣ እኔ ራሴ ጠይቄያታለሁ እኮ። ሌላ ሰው ወድዳ ነው የተወችው።»

ረዳቷን ጠበቅነው። የሚጨምረው አልነበረውም።

«ቢሆንም ይቆይ!» አልኩ። «እኔ እንደሆንኩ ላንቺው ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ የገዛ ረዳቴ ከአንገቴ ሥር ተነሣ፦ «ውስንነት፤ ልጅቷ ካገባች ተናጋሪዋ ብቻዋን ትቀራለች።»

አንገትጌዬን በእጄ አፈንኩት፤ ምን ዋጋ አለው። ሽማግሌዎቹ ተያዩና፣ ሳልጋብዛቸው አንድ በአንድ ተቀመጡ።