ባየሽ የተባለችው ጀልባ

አለልኝ ቤቱን ሸጦ፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ባለሸራ ጀልባ ላይ ሊኖር መሆኑን ለእናቱ የነገራቸው እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ መኪና ውስጥ ነው። ወይዘሮ ባየሽ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ የምራታቸውን የሮማንን ፊት አዩና ሳቃቸውን ዋጡት።

«ውሃ ላይ? ሰው ውሃ ላይ ይኖራል?»

«ብዙ ሰው ይኖራል እማዬ። የቤት ዕዳ፣ ሞርጌጅ የለ፣ በረዶ የለ። ጀልባዋ ፍሎሪዳ ነው የቆመችው። ባየሽ ብዬ በስምሽ ነው የሰየምኳት።»

ስልኩን ከፍቶ አሳያቸው። ነጭ ጀልባ ናት፣ ምሰሶዋ ረጅም። ስማቸውን ፈልገው አጡት።

«በወዲያኛው ጎኗ ነው የተጻፈው» አላቸው።

ወይዘሮ ባየሽ ከውሃ ጋር አይዋደዱም። የሚኒሶታን ሐይቅ እንኳ ከመኪና ሳይወርዱ ነው የሚያዩት። በዚያ ላይ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ መታጠቢያ ቤት የሚገቡት ሰው ደግፏቸው ነው። ይህን ከልጃቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

ለመኑት፣ ገዘቱት፣ አልሰማም። የልጅ ልጃቸውን ሶሊያናን «ዋና ትችያለሽ ወይ?» ብለው ጠየቋት። ልጅቷ አባቷን ቀና ብላ አየችና፣ «አይ ዶንት ዋነ ቶክ አባውት ኢት»፣ ስለሱ ማውራት አልፈልግም፣ ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። ፈርታ ነው ብለው አዘኑላት።

«አንቺንም እንወስድሻለን» ይላቸው ነበር አለልኝ። «ማዕበል ሲመጣ ብቻ ወገብሽን ከምሰሶው ጋር እናስርሻለን።»

በመጨረሻ ራሳቸው ተናገሩት።

«እኔን ነርሲንግ ሆም አስገቡኝና ሂዱ። ሸክም አልሆንባችሁም።»

አለልኝ አለቀሰ። «እናቱን ጥሎ ሄደ ይለኛል ሰው» አለ።

«እኔ ነኝ ያልኩት። ሰው ምን አገባው?»

ስለ መንገዱ ለማንም ትንፍሽ እንዳይሉ አደራ አላቸው። አደራው ትርፍ ነበር። መንገድ ያሰበ ሰው ሻንጣው ተቆልፎ እንኳ «ወዴትም አልሄድም» ነው የሚለው፤ ዓይን አለ፣ ምላስ አለ። ወይዘሮ ባየሽ ለንስሐ አባታቸው እንኳ አልነገሩም።

ከዚያ ስንቅ ማዘጋጀት ያዙ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ቋንጣ ዘለዘሉ፣ በሶ አስፈጩ፣ ጥቁር አዝሙድ የገባበት ዳቦ ቆሎ ቆሉ። ዳቦ ቆሎውን ባለክዳን ጠርሙስ ውስጥ ሞልተው፣ የባሕር ውሃ እንዳይገባው ክዳኑን በቀይ ፕላስተር ደጋግመው ጠመጠሙት። በዚያው ሰሞን አለልኝ ጋራዥ ውስጥ የበረዶ መጥረጊያ ማሽኑን ሲያስጠግን አዩት። ቤቱን ለሚገዛው ሰው ነው አላቸው። ደግ ልጅ ወልጃለሁ ብለው መረቁት።

የአረጋውያን መጦሪያው ሮዝቪል ነው፤ ንጹሕ ክፍል፣ አንድ መስኮት። ሮማን አልጋቸውን አነጠፈች፣ ቀና ሳትል።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉን።»

«ምን አደረጋችሁኝና? ይልቅ ሶሊያናን አደራ። ከጀልባዋ ጠርዝ አትጠጋ።»

ክረምቱ ከነበረዶው ገባ። አለልኝ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይደውል ነበር። ከድምፁ ጀርባ አንድ ነገር ያጉረመርማል።

«ምንድን ነው የሚጮኸው ልጄ?»

«ሞተሩ ነው እማዬ። ነፋስ ሲጠፋ በሞተር ነው ድራይቭ የማደርገው።»

«ጉንፋን ይዞሃል ልበል?»

«አይ፣ እዚህማ ሙቀት ነው» ይላል አፍንጫውን እየሳበ።

ከዚያ ስልኩ ሳሳ። የመጨረሻ ቀን፣ «ማዕበል ይመጣል እየተባለ ነው፤ ኔትወርክ ከጠፋ እንዳትጨነቂ» አላቸውና ዘጋ። ድምፁ በዚያው ጠፋ።

ወይዘሮ ባየሽ በቴሌቪዥን ጥቁር ደመና ባዩ ቁጥር ያማትባሉ። ልጆቻቸው በሰላም ከውሃው እስኪወጡ ከደረቅ ዳቦ በቀር ላይቀምሱ ተሳሉ። ልብሳቸው ሰፋቸው፣ ዓይናቸው ጎደጎደ። ነርሶቹ ለመኗቸው፣ ሐኪሙ ተቆጣቸው፤ እሳቸው ሳህኑን ይገፋሉ።

በአማርኛ የምታነጋግራቸው አስታማሚዋ ኢቢሴ ብቻ ናት። ከአገር ቤት ከመጣች ብዙ አልቆየችም፤ ሲዋርድ ሰፈር ዘመዶቿ ጋ ተጣብባ እየኖረች የሚከራይ ክፍል ታፈላልጋለች። እያጠበቻቸው ስለ ክፍል ፍለጋዋ ታወራላቸዋለች።

«ጥሩ ሰው ይግጠምሽ» ብለው መረቋት። «እናት የሚያከብር ሰው።»

«እርስዎስ ለምን አይበሉም እማማ?»

«ስለት አለብኝ። ልጆቼ መንገድ ላይ ናቸው» አሉ። ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ ዓይን አለ።

አንድ ጠዋት ኢቢሴ ፊቷ በርቶ ገባች።

«እማማ፣ ምርቃትዎ ደረሰልኝ! እዚሁ ኮሎምቢያ ሃይትስ ክፍል አገኘሁ። ሰዎቹ ሲበዛ ጥሩዎች ናቸው። እስቲ ደረቅ ነገር ከሆነ እንኳ ይቅመሱ ብዬ ከቤታቸው ይዤልዎ መጣሁ።»

ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ክዳኑ በቀይ ፕላስተር የተጠመጠመ ጠርሙስ ነው። ማንም አልከፈተውም።

ወይዘሮ ባየሽ ደረታቸውን መቱ። «ልጆቼን! ሰጠሙ? ባሕሩ ነው ይህን ያወጣው? ሶሊያናዬስ? ንገሪኝ፣ አስከሬናቸው ተገኘ?»

«ኧረ የምን ባሕር እማማ? አከራዮቼ ናቸው የሰጡኝ፤ እኔ የገባሁት እናታቸው ይኖሩበት የነበረው ክፍል ነው፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከመሞታቸው በፊት የቆሉት ነው አሉኝ።»