የድንኳኑ ምሰሶ

ፕሮፌሰሩ የቤቱን በር ሲከፍት የሰፈሩ እድር ሰዎች የድንኳን ብረት ተሸክመው ደጁ ላይ ቆመው ነበር። ሚስቱ ሠርካዲስ ካረፈች ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም።

«እግዜር ያጥናዎት፤ የት እንትከለው?» አሉት የእድሩ ዳኛ አቶ ገዳ።

«ተሳስታችኋል፤ እኔ አባል አይደለሁም» አለ አንገቱን ደፍቶ። የፋይናንስ ፕሮፌሰር ያሰኘው ጥናት ስለ እድር ነበር። እድር ለደመወዝተኛ እንደማያዋጣ በቀመር አሳይቶ፣ ያንኑ ሃያ ዓመት ሲያስተምር ኖሯል።

«እርስዎ አይደሉም። ሠርካዲስ ግን አባላችን ነበረች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። በየለቅሶ ቤቱ ሽንኩርት ስትልጥ ነው የምናውቃት።»

ያን ሁሉ ጊዜ እህቷ ጋ የምትሄድ ይመስለው ነበር።

«ለምን ደበቀችኝ?»

«ጥናትዎን የናቀች እንዳይመስልዎ ነዋ። ስትመዘገብ ‹እኔ ከቀደምኩ እሱ ሰው አያውቅም፤ ብቻውን እንዳይቀመጥ› ነው ያለችን።»

ፕሮፌሰሩ ጫማ ሳያደርግ ወጣና መሀለኛውን ብረት ያዘ። ገመዱ ተወጠረ፤ ካስማው ተመታ።

«ቆሟል፤ ይልቀቁት» አሉት።

አልለቀቀውም።