የተያዘው መስመር

ስልኩ ሲጮህ ሳይንቲስቱ ወንበሩን ገፍትሮ አነሳው። ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ይቀር ነበር፤ የታላቁ የሳይንስ ሽልማት ሸላሚዎች የመረጡትን ሰው እሺታ እስከ ስድስት ሰዓት በስልክ ካላገኙ ወደ ተከታዩ እጩ ያልፉ ነበር። ጋዜጦች አራት ዓመት ሙሉ «ዘላለማዊው እጩ» ሲሉት ኖረዋል።

«ጋሼ፣ ስልክ ቁጥሩን ከጀርም ማቅለሚያው ጠርሙስ ላይ አግኝቼ ነው» አለች አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ናሙናው ያለበትን መስታወት እንደለመድነው በአልኮል ላጥበው ነው። በጠና ከታመመ ልጅ አከርካሪ የቀዳናት ይቺው ጠብታ ብቻ ናት።»

«በአልኮል እንዳትነኪው!» ብሎ ጮኸ። ቀለሙን የፈጠረው እሱ ነበር፤ አልኮል ጠራርጎ እንደሚወስደው ያውቃል። «በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጠርዙ በኩል ቀስ እያልሽ አፍስሺበት።»

«አይዝጉብኝ፣ በእናትዎ!»

«ዝጋው እንጂ!» ሚስቱ ክንዱን ጎተተችው። «ዕድሜህን ሙሉ የለፋህበት ነገር እኮ ነው፣ ሰውዬ!» ስልኩን ከጆሮው አራቀ፤ ጣቱ መዝጊያው ላይ አረፈ። ከዚያ መልሶ አስጠጋው።

«ቀለሙ ፈዘዘልሽ?»

«ገና ነው።»

«ጨምሪበት።»

የግድግዳው ሰዓት ስድስትን አለፈ። ሚስቱ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«አየኋቸው! ጀርሞቹን አየኋቸው!» አለች ባለሙያዋ፤ ማን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቀው ስልኩን ዘጋችው።